ሪባን የሌላቸው የእንሶስላ ሥሮች

ከጅማ በወጣሁበት ዋዜማ መብራት ጠፍቶ ስለነበር ሻንጣዬን በሻማ ነው ያሰናዳሁት። ቤቱ በሰው ተሞልቷል። አንዷ በርበሬ በፌስታል ትጠቀጥቃለች፣ ሌላዋ «ብርድ አገር ነው» ብላ የራሷን ጋቢ ታጥፋለች፣ ሻንጣው አልዘጋ ሲል ደግሞ ከሁላችንም ወፍራም የሆነችው ጎረቤታችን ተጠርታ ትቀመጥበታለች። ባለቤቴ ዘውዴ ካረፈ ወዲህ በዚያ ቤት ሳቅ የተሰማው ያን ማታ ነው። እኔም ስቄያለሁ፤ ወዲያው ደግሞ በመሳቄ ደንግጫለሁ።

አጥር የምንጋራቸው እማማ ራህማ ከሊሙ የደረሱት ሰው ሊበተን ሲል ነበር። ትውልዳቸው ሊሙ ገነት ነው፤ እኔና ዘውዴ ጫካ በገባን ቁጥር የምናድረው ዘመዶቻቸው ቤት ነበር። እኔ አዲስ አበባ ቪዛ ስጠብቅ ዘውዴ እዚያ ጫካ የተከላቸውን የእንሶስላ ሥሮች አስቆፍረው እንዲያመጡልኝ አደራ ብያቸው ነበር። በኮባ የተጠቀለለ ነገር ጭኔ ላይ አኖሩልኝ።

«ይኸው አደራሽ ልጄ፣ ኢንተላ ኮ። እንደ ድንች አጥበን፣ ጭራሮውን ሁሉ ከርክመን ነው ያመጣንልሽ።»

ፈታሁት። ሥሮቹ ንጹሕ ናቸው፤ ሁሉም አንድ ላይ ተደባልቀዋል።

«እማማ፣ ሪባኖቹስ?»

«የምን ሪባን?»

«እያንዳንዱ ላይ የታሰረው። ነጭና ቀይ።»

«እ! ያ ጨርቅ? ወንዝ ጣሉት እንጂ! ማን ምን ድግምት ደግሞበት እንዳሰረው የማይታወቅ ጨርቅ ተሸክመሽ ባሕር ልትሻገሪ ነው? ዋላሂ፣ ፈታችሁ ጣሉት ያልኩት እኔ ነኝ።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ያንን ደህና ሰው የቀጠፈብን ይኸው ነው ብዬ።»

«እማማ፣ ያሰረው እሱ ራሱ ነው።»

እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ሻማው ላይ አፈጠጥን። ምን እላቸዋለሁ? አውቶቡሱ ሊነጋጋ ሲል ይነሳል፤ ሪባኑን ወንዙ ወስዶታል፤ እሳቸውም ያደረጉት ስለወደዱኝ ነው። «ደህና አደረጉ፣ ምንም አይደል» አልኳቸው። ምንም አይደል ግን አልነበረም።

ለምን እንዳልነበረ ልንገራችሁ። እንሶስላን ሴቶች የምናውቀው በሥሩ ነው፤ ተወቅጦ እጅና እግር ያቀላል። የዕፅዋት ተመራማሪ የነበረው ዘውዴ ግን የወደደው አበባውን ነበር፤ ነጭ፣ ጉሮሮው ቀላ ያለ፣ ከኋላው እንደ ክር የቀጠነ ረጅም ጭራ ያለው። ወለላው ያለው ጭራው ጫፍ ላይ ስለሆነ የሚደርስበት ምላሷ የረዘመ የእሳት ራት ብቻ ነው፤ እሷም የምትመጣው ሲመሻሽ ነው። እጄ ስለማይንቀጠቀጥ ወለላውን በቀጭን የመስታወት ቱቦ የምቀዳለት እኔ ነበርኩ። በማይክሮስኮፕ ስናየው ወለላው ሕይወት አለው፤ የእሳት ራቷ ከአበባ አበባ በምላሷ ያዞረችው እርሾ ይፈላበታል። ዘውዴ «አበባ ቤት ማን እንደገባ እርሾው ይናገራል» ይል ነበር።

ከዓመታት በፊት አንድ ሥር ለሁለት ከፍሎ ግማሹን ጥቅጥቅ ካለው ጥላ ሥር፣ ግማሹን ለቡና ተብሎ ዛፉ በሳሳበት ፀሐይ ላይ ተከለ። ከአንድ ሥር ወጥተው መልካቸው ተለያየ። የጥላዎቹ ቅጠል ሰፊና ስስ ሆነ፤ የፀሐዮቹ ጠበብ፣ ወፈር አለ። ልጅ ሳለ ቄስ ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው ስለሆነ ለእኔ ያስረዳኝ በድጓ ነው። «ፊደሉ ያው ነው፤ የሚለየው ከፊደሉ በላይ ያለው ምልክት ነው። እዚህ ጋ ከፍ በል፣ እዚህ ጋ ዝቅ በል ይላል። ጥላና ፀሐይም በተክሉ ላይ ምልክት ይጽፉበታል።» ሊያውቅ የፈለገው አንድ ነገር ነበር፦ ሁለቱንም ወስደን አንድ አፈር ላይ ብንተክላቸው ምልክቱን ይዘው ይቆያሉ ወይስ ይረሱታል? ቤልጂየም ያለ ተቋም ተክሎቹንም እሱንም ሊቀበል ተስማምቶ ሳለ በአጭር ሕመም ሄደ። «አንቺ ነይ፣ ወለላውን የምትቀጂው አንቺ ነሽ» አሉኝ። ነጩ ሪባን የጥላ፣ ቀዩ የፀሐይ ነበር። እኔም ጥያቄውን ያለ ሪባኑ ተሸክሜ ሄድኩ።

አውሮፕላን ጣቢያ አንድ ወጣት ፈታሽ ኮባውን በሁለት ጣቱ ከፈተ።

«ይበላል?»

«አይበላም።»

«መድኃኒት ነው?»

«አይደለም። ወረቀቱ እጅህ ላይ ነው፣ ለምርምር ነው ይላል።»

«ወረቀቱን አየሁ። እናንተ ምን ታደርጉበታላችሁ?»

«እጃችንን እናቀላበታለን።»

እጄን አየና «ያንቺ ቀይ አይደለም» አለኝ፤ የያዘኝ መስሎት ፊቱ በራ።

«ባሌ ሞቷል» አልኩት። ማኅተሙን እንዴት እንደመታው! ኋላዬ ያለው ሰው ሳይቀር ደነገጠ።

ቤልጂየም የተቀበለኝ ፕሮፌሰር ረጅም፣ ጎንበስ ያለ ሰው ነው። የሪባኑን ነገር ስነግረው መነጽሩን አውልቆ ብዙ ጊዜ ጠረገው። «እንግዲህ ራሳቸው ይናገሩ» አለ በመጨረሻ። «አንድ አፈር ላይ እንተክላቸዋለን። ለሁለት ከተከፈሉ ያስታውሳሉ ማለት ነው። አንድ ዓይነት ሆነው ከወጡ ግን ረስተው ይሁን ወይስ ቀድሞም ያንዱ ወገን ብቻ ሆነው ይሁን አናውቅም።» የዘውዴ ልፋት በሙሉ አንድ ክረምት አፈር ውስጥ ተኝቶ እስኪነሳ መጠበቅ ሆነ።

የቤት አከራዬን «ምቭራው» ነው የምላት፤ እመቤት እንደማለት ነው። ቁልፉን ስትሰጠኝ ውሉን በጣቷ እየተከተለች አነበበችልኝ።

«እንግዳ ማሳደር ክልክል ነው። እንግዳ ይመጣብሻል?»

«ማንም አይመጣም።»

«በጣም ጥሩ» አለች።

እዚህ ዝናቡ እንደ ኩርፊያ ነው። የጅማ ዝናብ ይቆጣል፣ ይጮኻል፣ ቆርቆሮውን ይደበድብና ይወጣለታል። ይኼኛው ምንም ሳይናገር ከነጋ እስኪመሽ ፊቱን አዙሮ ይቀመጣል። ሰዉ ደረጃ ላይ ሲያገኝሽ «ዳህ»፣ ሰላም እንደማለት ነው፣ ብሎ ያልፋል፤ ከብት እንዴት ነው፣ ልጅ እንዴት ነው፣ እናትሽ ተሻላት የለም። መጀመሪያ ሰሞን «ዳህ» ሲሉኝ ቆሜ ቀሪውን እጠብቅ ነበር። ሱቅ ውስጥ ስሙ «ሊሙ» የሚል የቡና ፓኬት አይቼ ገዛሁ፤ ሳልከፍተው ትራስጌዬ ብዙ ጊዜ ተቀመጠ።

ብርዱ ሲያልፍ ሥሮቹ በተቋሙ የመስታወት ቤት ውስጥ ብቅ አሉ። በየቀኑ ጎንበስ ብዬ አያለሁ። ቅጠሉ ሲዘረጋ ግማሹ ሰፊና ስስ፣ ግማሹ ጠባብና ወፍራም! አንድ አፈር፣ አንድ ውኃ፣ አንድ ብርሃን እየጠጡ ለሁለት ተከፈሉ። «ይኼ የጥላ፣ ይኼ የፀሐይ» እያልኩ በጣቴ ስነካቸው ፕሮፌሰሩ ሳይቀር ሳቀ። በልቼ ያደርኩት ያን ቀን ብቻ ይመስለኛል።

ሲያብቡ እንደ ድሮው ወለላውን ቀዳሁ። ማይክሮስኮፑ ሥር ምንም የለም። ውኃ።

«ፍጹም ንጹሕ ነው!» አለ ፕሮፌሰሩ ደስ ብሎት።

«ማንም አልመጣበትም» አልኩት።

«አዎ፣ ለሥራችን ይሻለናል።»

እውነቱን ነው፣ ለሥራው ይሻላል። እኔ ግን ያን ያህል አበባ ደጁን ከፍቶ ሲያመሽ እያየሁ ቁጭ ማለት ስላልቻልኩ ሲመሻሽ የመስታወቱን ቤት ዘግቼ እሄዳለሁ። በዚያው ሰሞን ምቭራው በሬን አንኳኳች።

«ሰው አይመጣብሽም?»

«ውሉ ላይ…»

«ውሉስ ውል ነው። ግን ጎረቤት ይጠይቀኛል። እንዲህ ብቻ መሆን ለጤናም ጥሩ አይደለም።» ከልቧ ነው የምትለው። ስቄ ሻይ አፈላሁላት፤ ቆማ ጠጥታ ሄደች።

በሁለተኛው በጋ ልዩነቱ ጠበበ። ሰፊው ትንሽ ጠበብ፣ ወፍራሙ ትንሽ ሳሳ አለ። ብርሃኑ ነው ብዬ ራሴን አሞኘሁ። በሦስተኛው በጋ ከመስታወቱ ቤት መካከል ቆሜ የትኛው የጥላ፣ የትኛው የፀሐይ እንደሆነ መለየት አቃተኝ። ቅጠሉን ዳሰስኩ፣ ወደ ብርሃን ዘቅዝቄ አየሁ፤ አንድ ዓይነት ናቸው።

«መልስ አገኘን» አለ ፕሮፌሰሩ ሲለካ ውሎ። «ያስታውሳሉ፤ ለጥቂት ጊዜ። ከዚያ አዲሱ ቦታ የራሱን ምልክት ይጽፋል። በሚታተመው ጽሑፍ ላይ የባልሽ ስም ከሁላችንም በላይ ይሆናል።»

አመሰገንኩት። የእውነትም አመስግኜዋለሁ፤ ዘውዴ ቢሰማ ይዘልል ነበር። እኔ ግን ከዚያ ወጥቼ እግሬ ወደ አገር ቤት ወደምደውልበት ስልክ ቤት ወሰደኝ። ባለቤቱ ሞሮኳዊ ነው፤ ከእማማ ራህማ ጋር ኢንሻአላህ እያልኩ ሳወራ ስለሚሰማኝ እስላም እመስለዋለሁ፣ ረመዳን ሲገባ ቴምር ይሰጠኛል። እምቢ ብዬ አላውቅም።

«ኢንተላ ኮ! ደህና ነሽ? ከሳሽ? ድምፅሽ ከስቷል።»

«ደህና ነኝ፣ እማማ። የዘውዴ ሥራ አለቀ።»

«አልሐምዱሊላህ! ታዲያ ምን ያስለቅስሻል?»

«ረሱ፣ እማማ። የትኛው የየት እንደሆነ መለየት አቃተኝ።»

«ተክል ነው እኮ። ሰውስ ይረሳ የለ?»

ከኋላቸው የዶሮ ድምፅ ይሰማል።

«እርስዎ ዘውዴን ያስታውሱታል?»

«እንዴት እረሳዋለሁ! ያ በር ላይ ሲደርስ የሚጮኸው ጩኸት እስከ እኛ ድረስ ነበር የሚሰማው።»

«አዎ፣ ‹አስኩ!› ሲል» አልኳቸው። ስሜ አስካለ ነው። እዚህ ከመጣሁ ጀምሮ ደረጃውን በወጣሁ ቁጥር፣ ቁልፉን ሳዞር የምሰማው እሱን ነበር።

«የምን አስኩ? ስምሽን በአደባባይ ጠርቶ ያውቃል? ‹ቤቶች!› ነበር እንጂ የሚለው። በራሱ በር ላይ፣ እንደ እንግዳ! እኛ እኮ እንስቅበት ነበር፤ የገዛ ቤቱን አስፈቅዶ የሚገባ ሰው እያልን።»

ልክ ናቸው። ሁሌም እንደዚያ ነበር የሚለው።

«ኢንተላ ኮ፣ አለሽ?»

«አለሁ። እማማ፣ እስቲ እሱ እንደሚለው አድርገው ይበሉት።»

«አብደሻል? በዚህ እድሜዬ ልጩህልሽ?»

«ይበሉት።»

ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ከዚያ በሙሉ ድምፃቸው ጮኹ።