ዓይናዲስ የገደለችው ሰው

ዓይናዲስን «ካንጋሮዋ» እያልን ነው የምንጠራት። ፊት ለፊቷ ነው የምንላት፤ እሷም ትስቃለች። የለንደን ሐበሻ ሁሉ መንግሥት ስለሚሰጠው ካውንስል ቤትና ስለ ቤኔፊት ድጎማ ሲያወራ፣ እሷ «አውስትራሊያ፣ ሜልቦርን አንዲት አዲስ ልጅ ወጥታለች፣ የመጀመሪያ መጽሐፏ ነው፣ ጉድ ነው ብዬሻለሁ!» እያለች ቦርሳዋን ትከፍታለች። እኔ ሰቨን ሲስተርስ ሰፈር ፀጉር ቤት አለኝ። ደንበኞቼን ካስክ ውስጥ ገብተው ማምለጥ በማይችሉበት ሰዓት ነው የምትይዛቸው። ስንቴ «ኧረ ሴትዮ፣ ሰው አታባርሪብኝ!» ብያታለሁ።

አውስትራሊያ የሄደች እንዳይመስላችሁ። እግሯ እዚያ ረግጦ አያውቅም። በስደት ለንደን ከመጣች ጀምሮ ሆቴል አልጋ ስታነጥፍ ኖረች። ኋላ ሰው ቤት እየሄደች አረጋውያን የምትንከባከብ ኬረር ሆነችና ዋይት ሲቲ ሰፈር አንዲት ዓይናቸው የደከመ አውስትራሊያዊት አሮጊት ደረሷት። ሴትዮዋ ከመድኃኒታቸው ይልቅ መጽሐፍ ነበር የሚፈልጉት። «አንብቢልኝ» ይሏታል። ዓይናዲስ መጀመሪያ እየተንተባተበች፣ ኋላ እየሳቀችና እያለቀሰች ታነብላቸው ጀመር። የጥንቱን አይደለም ደግሞ፤ አሁን የሚጽፉትን፣ ገና ስማቸው ያልተሰማውን ፈልጊልኝ ነበር የሚሏት። ያን ጊዜ ነው የአገራቸው አዳዲስ መጻሕፍት ለንደን እንደ ልብ እንደማይገኙ ያወቀችው። እሳቸው አረፉ፤ እሷ ግን መፈለጓን አልተወችም። ላይብረሪው እንዲያስመጣ ሪኩዌስት ታደርጋለች። ለጀማሪዎቹ ደራሲዎች «አንብቤሻለሁ፣ በርቺ» ብላ ትጽፋለች። ካሌዶኒያን ሮድ ካለው የሐበሻ ካፌ ፎቅ ላይ ቅዳሜ ቅዳሜ ሰው ሰብስባ ታወያያለች፤ እንግሊዝኛው ለማይገፋላቸው ሽማግሌዎች ታሪኩን በአማርኛ ትነግራቸዋለች። ስታወራው ደግሞ ይዋጣላታል፤ ይሄንን አልክድም።

አምና ባርኮት የምትባል ልጅ አገኘች። ሜልቦርን ተወልዳ ያደገች የኛው ልጅ፣ አጫጭር ልብወለዶች ያሳተመች። ዓይናዲስ በደስታ ልታብድ ደረሰች። «ከኛ ወጣች እኮ! ከኛው!» እያለች ፀጉር ቤቴን አመሰችው። መጻጻፍ ጀመሩ። ልጅቷ ለንደን እንደምትመጣ ስትነግራት፣ መጥታ ካፌው ላይ እንድታነብ ለመነቻት። ባርኮትም «ደስ ይለኛል፣ ግን አማርኛ አልናገርም» ብላ መለሰችላት። «ምን ችግር አለ፣ እኔ እተረጉምልሻለሁ» አለቻት ዓይናዲስ።

ከዚያማ ሰው የማሰባሰብ ጣጣ መጣ። በተለይ አቶ ተክለአብን። አቶ ተክለአብ በቤተ ክርስቲያናችን ቃላቸው የሚሰማ ሽማግሌ ናቸው። እሳቸው ከመጡ ሁሉም ይመጣል፤ እሳቸው ከተቀየሙ ደግሞ ያ ፎቅ ባዶውን ይቀራል፣ ዓይናዲስ የደከመችበት ነገር ሁሉ አበቃ ማለት ነው።

«ነውር ነገር የለበትም ወይ፣ የልጅቷ ጽሑፍ?» ብለው ጠየቋት።

«ኧረ ጋሼ! ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ጨዋ ልጅ ናት፤ እርስዎ ብቻ ይምጡልን» አለቻቸው። በገዛ አፏ ዋስ ሆነች።

ቅዳሜ ፎቁ ጢም ብሎ ሞላ። አቶ ተክለአብ ከረባት አስረው ከፊት ተቀመጡ። ባርኮት ቀጠን ያለች ዓይነ አፋር ልጅ ናት፤ በፈገግታ ብቻ አንድ በአንድ ጨበጠችን። እኛም «ስታምር!»፣ «ምነው እንዲህ ከሳች፣ እዚያ አይበሉም እንዴ?»፣ «ይቺን ፀጉሯን ለኔ በሰጠችኝ» እየተባባልን እዚያው ፊቷ ላይ አማናት። አማርኛ አትናገርማ!

ዓይናዲስ አጠገቧ ቆመች። ልጅቷም በእንግሊዝኛ፣ «ዛሬ ከመጽሐፌ አላነብም። አዲስ የጻፍኩት አለ፤ የቤታችን ታሪክ ነው፣ ገና ማንም አልሰማውም» አለች። የዓይናዲስ ፊት ሲለዋወጥ አየሁ። ያላነበበችው ነገር መጣባት። ቢሆንም እንደ ምንም ተረጎመችልን።

ባርኮት ትንሽ አንብባ ለተርጓሚዋ ቆም አለች። እንግሊዝኛው ግልጽ ነበር። «ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አባቴ ሻንጣውን ይዞ አዲስ አበባ ሄደ። እዚያ ሌላ ሚስትና ሌሎች ልጆች ነበሩት። በሩን የዘጋው ቀስ ብሎ ነው፣ እኔን ላለመቀስቀስ። ነቅቼ ነበር።»

ዓይናዲስ አቶ ተክለአብን አየቻቸው። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ትርጉሙን ይጠብቃሉ።

«ዘጠኝ ዓመቴ ላይ አባቴ…» አለች። «አባቴ አረፈ።»

«ነፍስ ይማር!» አለ ቤቱ በአንድ ድምፅ።

እኔ ራሴ፣ እንግሊዝኛውን በጆሮዬ ሰምቼ፣ ነፍስ ይማር አልኩ። ምን ላድርግ፣ አፌ ለምዶበታል! አጠገቤ የተቀመጠው የእህቴ ልጅ ቤኪ፣ እዚሁ የተወለደው፣ «ዌይት፣ እንደዚያ አላለችም እኮ» ሲል ጉልበቱን ቆነጠጥኩት። ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። አቶ ተክለአብማ ከወንበራቸው ተነሥተው የልጅቷን እጅ ያዙ። «እግዜር ያጥናሽ ልጄ። አባት ማጣት ከባድ ነው» አሏት።

ባርኮት እጇን ለሽማግሌው ሰጥታ ዓይኗን ዓይናዲስ ላይ ተከለች። ያን ጊዜ ነው እኔ ክው ያልኩት። ልጅቷ አልናገርም አለች እንጂ አልሰማም መቼ አለች? የማናችን ቤት ነው እንደሷ ያለ ልጅ የሌለው? «ትሰማለች፣ መናገር ግን አትችልም» እያልን ለሰው የምናስተዋውቃቸው የገዛ ልጆቻችን አይደሉም እንዴ? የሰው ልጅ ሲሆን ረሳነው። ምነው ከሳች ያልነውንም ሰምታለች ማለት ነው። ወይ ውርደት! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ዓይናዲስም ገባት። ልጅቷ ግን ወረቀቷን ገልጣ ንባቧን ቀጠለች።

«እናቴ ለቤተ ክርስቲያን ሰዎች ባሌ ሞተ ብላ ነገረቻቸው። ሰው ምግብ እየያዘ መጣ፣ እያቀፈ አለቀሰልን። የዚያን ቀን ጠዋት አባቴ ስልክ ደውሎልኝ ነበር። ከሰዓት በኋላ ግን ለቀስተኛው ፊት አለቀስኩለት።»

አንብባ ቆመች። ተራው የዓይናዲስ ነው።

እንግሊዝኛ የሚሰሙት ወጣቶች አቀርቅረዋል፤ የማይሰሙት ትልልቆች አፍ አፏን ያያሉ። «ተርጉሚልን እንጂ» አሉ አቶ ተክለአብ። እኔ በልቤ «አሞኛል በይና ውጪ፣ ዓይናዲስ» እላለሁ። ሌላ ውሸት ብትጨምር ልጅቷ ትሰማታለች። እውነቱን ብትናገር ደግሞ ሽማግሌው እግዜር ያጥናሽ ብለው ገና መቀመጣቸው ነው።

«አባቷ አልሞተም» አለች በመጨረሻ። «ጥሏቸው ነው የሄደው፤ ሌላ ትዳር ነበረው። እሷ ያነበበችው እንደዚያ ነው። የገደልኩት እኔ ነኝ።»

አንድ ሰው ሳቀና መልሶ ዋጠው።

«በሕይወት ላለ ሰው ነፍስ ይማር አስባልሽን?» አሉ አቶ ተክለአብ።

«አዎ ጋሼ።»

«በእኔ አፍ?»

«አፈርኩ፣ ጋሼ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

አቶ ተክለአብ ካፖርታቸውን አንሥተው ወጡ፤ የተወሰኑ ሰዎችም ተከተሏቸው። ደረጃውን እያጉረመረሙ ሲወርዱ ፎቅ ላይ ይሰማን ነበር።

«ልቀጥል?» አለች ባርኮት በእንግሊዝኛ። ዓይናዲስ ራሷን ነቅንቃ አዎ አለቻት። ከዚያ በኋላ አንድ ቃል አልዘለለችም። እናትየዋ የዋሸችውን ሁሉ፣ ለማን ምን እንዳለች፣ ጥቁር ልብስ ከማን እንደተዋሰች፣ ዓይናዲስ ፊቷ በርበሬ መስሎ፣ ዓይኗን ከወለሉ ሳታነሣ በአማርኛ አወጣችው። ስለ ሌላ ሴት ነበር የምትናገረው፤ እኛ ግን ሁላችንም እሷን ነበር የምናየው። እኔ አላስቻለኝም፣ ጣሪያ ጣሪያውን አየሁ።

ንባቡ ሲያልቅ ሰው አንገቱን ደፍቶ ጥቂት መጽሐፍ ገዛና ተበተነ። ባርኮት ወረቀቶቿን ቦርሳዋ ውስጥ ስትከት ዓይናዲስ ተጠጋቻት። ልታቅፋት ፈልጋ ፈራች መሰለኝ፣ እጇን መልሳ ሰበሰበችው።

«ይቅር በይኝ ልጄ። እንዳይንቁሽ ፈርቼ እኮ ነው። ላንቺ ብዬ ነው።»

ባርኮት ቦርሳዋን ዘጋች። ከዚያ፣ ቀኑን ሙሉ ያልተነፈሰችውን አማርኛ፣ ፈራ ተባ እያለች አንድ አንድ ቃል እየለቀመች አወጣችው።

«እናቴም… ላንቺ ብዬ ነው አለችኝ። እናቴ አታነበኝም። አንቺ ታነቢኛለሽ ብዬ ነው የመጣሁት» አለቻትና ደረጃውን ወረደች።