በጾም የወደቀው በሬያችን ሥጋ

ፍኖተ ሰላም ውስጥ ተቀጥሬ ቅቤና ቋንጣ የምሸጥበት ሱቅ አንድ ቀን የኢንሹራንስ ሠራተኛ መጣ። አሠሪዬ ዕቃዋን ሁሉ ኢንሹራንስ ልታስገባ ፈልጋ ነበር። ሰውየው በመደርደሪያውና በሚዛኑ ተስማማ። ቅቤውንና ቋንጣውን ሲያይ ግን ራሱን ነቀነቀ። «የሚበላሽ ነገር አንይዝም፤ ማን ጠብቆ ይዘልቀዋል?» አለ። እኔ ከሚዛኑ ጀርባ ቆሜ ቋንጣውን አገላብጥ ነበር።

የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ፣ ከቡሬ ወዲህ ባለው መንደራችን፣ ዐቢይ ጾም በገባ በሁለተኛው ሳምንት ከሁለቱ በሬዎቻችን አንዱ ውሃ ሊጠጣ ሲወርድ ከገደሉ ተንሸራቶ እግሩ ተሰበረ። በእኛ አገር እንዲህ ሲሆን በሬው ወዲያው ይታረዳል። ጎረቤት ሁሉ ወደደም ጠላም አንድ አንድ መደብ ሥጋ ወስዶ ይከፍላል፤ ባለ በሬውም በዚያ ሌላ በሬ ይገዛል። ነገ የሌላው በሬ ሲወድቅ ደግሞ እሱ ይወስዳል። አሁን ግን ጾም ነው። ሥጋውን ማን ይውሰደው?

አባቴ ጎረቤቱ በተሰበሰበበት ወደ ደብሩ ቄስ ዞሮ «አባ፣ ምን ይሉናል?» አለ።

«ጾም የሚሽረው መብላቱ ነው እንጂ ማረዱ አይደለም» አሉ ቄሱ። «ዘልዝላችሁ አድርቁት። ለፋሲካ ሁሉም መደቡን ይወስዳል፤ ያን ጊዜ ይከፍላል።»

«ከተበላሸስ?» አለ አንዱ።

«ከተበላሸማ ባለ በሬው ይችለዋል» ተባለ።

በአንድ በሬ ክረምቱን ማረስ አንችልም። ስለዚህ ሥጋውን ለፋሲካ ማድረስ ነበረብን። ጠባቂ ሲፈለግ አባቴ ወደ እኔ አየ። «እሷ ትሁን። መውጣት አትወድ፣ ማውራት አትወድ።» እውነቱን ነው። ከትምህርት ቤት መቅረት እወድ እንደሆነ ግን አልጠየቀኝም፤ እኔም አልነገርኩትም።

ሥጋው ጓዳችን ውስጥ በየገመዱ ተሰቀለ። እያንዳንዱ ቤተሰብ ከልብሱ የተቀደደ ጨርቅ አምጥቶ በገመዱ ጫፍ አሰረ። የቄሱ ነጭ ነው፣ ከጥምጣማቸው። የእኛ ቢጫ፣ ከእናቴ አሮጌ ሻሽ፤ ገመዳችንም ከእሳቱ አጠገብ ነበር። ከግድግዳው ጥግ ያለው ጥቁር ጨርቅ የእትዬ ነው። እትዬ የምንላቸው ባላቸው ሞተውባቸው ብቻቸውን የሚኖሩ ጎረቤታችን ናቸው። በሬ የላቸውም፤ የእሳቸው በሬ ወድቆ እኛ መደብ የምንወስድበት ቀን አይመጣም። ቢሆንም አንድ መደብ ያዙ።

ጓዳው መስኮት የለውም። በሩም ለድመትና ለዝንብ ሲባል ተዘግቶ ይውላል። ጠዋት እገባለሁ፣ እሳት አነዳለሁ፣ በጭሱ ውስጥ ሥጋውን አንድ በአንድ አገላብጣለሁ። ጨው በቅቶት እንደሆነ መቅመስ አይቻልም፤ የሚቀምስልኝ ሰውም ከመንደሩ አይገኝም። እናቴ በሩን ገርበብ አድርጋ «ምራቅሽንም እንዳትውጪ!» ትለኛለች። በአፍንጫዬና በጣቶቼ ብቻ እመረምር ነበር። ሽታው ከጸጉሬ አልለቅ ስላለኝ ቤተ ክርስቲያን ከሴቶቹ ሁሉ ራቅ ብዬ እቆማለሁ። እትዬ ደግሞ ባለፉ ቁጥር ከውጭ ይጣራሉ፦

«እናንተ ቤት ፋሲካ ቀድሞ ገባ እንዴ? አፍንጫዬን አስገደፋችሁት፤ የንስሐ አባቴን ልጥራ?»

እናቴ ትስቃለች። እኔም ጭሱ ውስጥ ብቻዬን እስቃለሁ። ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ቤት የሚመለሱትን የጓደኞቼን ድምፅ በግድግዳው ስንጥቅ እሰማለሁ። ከዚያ እንደገና ጸጥ ይላል።

ደብረ ዘይት ሰሞን ሳይታሰብ ሁለት ቀን ዘነበ፤ ጣሪያው በጥጉ በኩል አፈሰሰ። በሦስተኛው ቀን የእትዬን ሥጋ ስነካው ለስልሷል፣ አረንጓዴ ሻጋታ ይዞታል። ጠረግሁት፣ እሳት ዳር አዞርኩት። ሽታው አልለቀቀም። ለአባቴ ልነግረው ስወጣ ከእናቴ ጋር ሲነጋገር ሰማሁት።

«ዝናቡ የጥጉን ሳይነካው አይቀርም» አለ።

«የጥጉ የእትዬ አይደል?»

«እንደሆነም ይሁን። እሳቸው ይቀልዳሉ እንጂ ሰው አይከሱም። በሬው ካልተገዛ ምን ልንበላ ነው?»

አባቴ ክፉ ሰው አይደለም፤ ፈርቶ ነበር። ወደ ጓዳው ተመለስኩ። ዝም ብል ነገሩ ያልቅ ነበር፤ ዝም ማለት ደግሞ አውቅበታለሁ።  ጥቁሩን ጨርቅ ግን ፈትቼ በእኛ ገመድ፣ ቢጫውን በሻገተው ላይ አሰርኩ።

ቅዳም ሹር ሁሉም መጥቶ ጨርቁን እያየ መደቡን ወሰደ። ቄሱ በአውራ ጣታቸው ጫን አድርገው «ደግ ነው» አሉ። አንድም ሰው አልመለሰም። በመጨረሻ የእኛ ብቻ ቀረ። አባቴ አሸተተው፤ እኔን አየኝ።

«የሻገተው መቼ ነው?»

«በዝናቡ።»

 ገመዱን ይዞ ወጣና ለውሻ ጣለው።

በሳምንቱ ከቡሬ ገበያ በሬ ነድቶ መጣ። እኔም ደብተሬን ከጎታው ላይ አወረድኩ። አባቴ ግን ለጎረቤቱ «እዚች ልጅ እጅ ላይ ምንም አይበላሽም!» ሲል ሰማሁት፤ እንደዚያ ኮርቶብኝ አያውቅም። ሰኞ ለገበያ የተሰበሰበ ቅቤ ጓዳው ገባ። ሽንኩርትና ድንችም ተከተለ። «ትምህርቱስ?» አልኩት፣ ጎንበስ ብዬ። «ክረምቱ ይውጣ» አለ።

እትዬ ጓዳው ድረስ መጡ። ጥቁሩን ጨርቅ ጣታቸው ላይ ጠቅልለውታል።

«እኔ ያሰርኩት ከጥጉ ነበር» አሉኝ። «የበላሁት ግን እሳት ዳር የከረመ ነው፤ ጭስ ጭስ ይላል። ጥርሴ ቢያልቅ ምላሴ አለ።»

አንገቴን ደፋሁ።

«ለእኔ ሲሆን አወቅሽበት። ለራስሽስ ማን ጨርቅ ይቀይርልሽ?»

ልመልስላቸው ቀና አልኩ። ከውጭ አባቴ «ቅቤውን ክደኚው፣ ዝንብ እንዳይገባበት!» ብሎ ተጣራ። እትዬ ጨርቁን እጄ ላይ ትተውልኝ ወጡ። በጨርቁ የቅቤውን ማሰሮ አፍ አሰርኩ።