ባለ ጠርዙ ከሽመናው የተነሡበት ዓመት

ሰፈርተኛው «ቶሎ ቶሎ» ይለው ነበር። ስሙን በክፋት አላወጡለትም፤ ሲበላም፣ ሲራመድም፣ ሲሸምንም ከኋላው የሚያሳድደው ያለ ይመስል ስለነበር ነው። «የቶሎ ቶሎ ቤት፣ ግድግዳው ሰንበሌጥ» እያሉ ሲተርቡት እሱም አብሯቸው ይስቃል። አባቱን ግን «ባለ ጠርዙ» ነበር የሚሏቸው። እሳቸው የሸመኑት ጨርቅ ዳርና ዳሩ በማስመሪያ የተሠመረ ይመስላልና።

አባትና ልጅ ከቤቱ ጀርባ ባለችው ባለ አንድ መስኮት ክፍል ውስጥ በአንድ የሽመና ዕቃ ይሠሩ ነበር። ጠዋት አባትየው፣ ከሰዓት ልጁ። ድሩን አዘጋጅቶ በወፍራሙ እንጨት ላይ የሚጠቀልለው ግን ልጁ ብቻ ነው፤ የሽማግሌው ወገብ ጎንበስ ቀናውን ካልቻለ ቆይቷል።

አንድ ዓመት ጠርዙ ተበላሸ። በግራ በኩል ያሉት የዳር ክሮች አንዴ ይላላሉ፣ አንዴ ይበጠሳሉ፤ ሲቀጠሉ ደግሞ ጨርቁ ይጨማደዳል። ጨርቃቸውን የምትገዛቸው መጋረጃ ነጋዴ ሁለት ጥቅል ተሸክማ መጣችና ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው።

«ይኼ ምን ይባላል? ጠርዙን አይጥ ቀምሶታል እንዴ?»

ቶሎ ቶሎ ፊቱ ቀላ። ሰባ አራት ዓመት የሞላቸው አባቱ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። ሳያስብ፣ በሴትዮዋ ፊት፣ ወደ እሳቸው ዞረ።

«አባባ፣ እጅዎ ከብዷል። ማጉን አጥብቀው ይጎትቱታል፤ ለዚህ ነው ዳሩ የሚበጠሰው።»

ሽማግሌው ቀኝ እጃቸውን አገላብጠው አዩት። «እኔ እንጃ» አሉ። «ስትጠቀልል በየዙሩ መሐል ቀጫጭን እንጨቶቹን ታስገባለህ ወይ?»

«እሱ የድሮ ነገር ነው። ጊዜ ይገድላል።»

 በማግስቱ አባትየው እንደ ልማዳቸው ማልደው ተነሥተው፣ ታጥበው፣ ወደ ክፍሏ ሲመጡ ልጃቸው ቀድሟቸው መቀመጫው ላይ ተሰይሟል። ደፉ ላይ ጥቂት ቆሙ። ከዚያ በርጩማ ስበው ማግ ያጠነጥኑ ጀመር።

ሁለት ሳምንት ብቻውን ሸመነ። ጠርዙ ግን ያው ነው። ክሩን ጠረጠረና ከሌላ ሱቅ ገዛ፤ ያው። መወርወሪያውን በአሸዋ ወረቀት አለሰለሰ፤ ያው። በመጨረሻ አንድ ቀትር ላይ፣ አባቱ ለሽንት ወጣ ሲሉ፣ ድሩን ከጥቅሉ ላይ ፈታው። ያን ጊዜ አየው። እንጨቶቹ ስለሌሉ የዳሮቹ ክሮች ዙር በዙር ከጥቅሉ ጫፍ ተንሸራተው ወርደዋል። መሐሉ ተወጥሮ ሳለ ዳሩ ልል ነው፤ ልሉን ክር መወርወሪያው ያገኘዋል፣ ይቆርጠዋል። የሽማግሌው እጅ ከደሙ ንጹሕ ነበር።

 አባቱ ሳይመለሱ ድሩን ቶሎ መልሶ ጠቀለለው።

ከዚያ ወዲህ እንጨቶቹን በየዙሩ አስገባ። ዳር ያሉትን ሁለት ክሮች ደርቦ አስገባ፤ ማጉንም ሳይወጥር በሰያፍ እየተወው ያጠጋው ጀመር። ጨርቁ ቀጥ ብሎ ወጣ። አባትየው ጣታቸውን በጠርዙ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ አስኬዱና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አየህ? ለካ እኔ ነበርኩ። ደግ አደረግህ ማስነሣትህ።»

ሊናገር አፉን ከፈተ። የወጣው ግን ሌላ ነው። «አረፍ ይበሉ፣ አባባ። ብዙ ሠርተዋል።»

ነገ እነግራቸዋለሁ አለ። ነገ ደግሞ ሌላ ነገ ወለደ። ሽማግሌው በበኩላቸው እጃቸውን ማመን ተዉ። ሻይ ራሳቸው መቅዳት አቆሙ፤ «ይኼ እጅ አይታመንም» ብለው ብርጭቆውን ለሚስታቸው ይገፉላታል። ቁልፍ መክፈትም ለሰው ተዉት። ጢማቸውን እንኳ ራሳቸው መላጨት ፈርተው ልጃቸውን ለመኑት። በየሳምንቱ አገጫቸውን ይዞ ምላጩን ሲያንሸራትት፣ ዓይናቸው ዓይኑ ሥር ሆኖ፣ ሊነግራቸው ያስብና «ቀና ይበሉ» ብሎ ያልፈዋል።

በዓመቱ ክረምት ሳምባቸው ታመመና በዘጠኝ ቀን ውስጥ አረፉ።

ለእናቱ የነገራት ከወራት በኋላ ነው። የታጠበ ልብስ እያጣጠፈች ነበር። አቋርጣ ሰማችው።

«ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር፣ እማዬ።»

«ስትላጫቸውም?»

«ስላጫቸውም።»

«ታዲያ አሁን ለእኔ የምትነግረኝ ምን እንዳደርግልህ ነው?» አለችና ሸሚዙን አጥፋ ጨረሰች። ራት አቀረበችለት፤ ፊትም አልነሣችውም። ነገሩን ግን ዳግም አላነሣችውም፤ ይቅር ብለሽኝ እንደሆነ ንገሪኝ ብሎ ለመጠየቅም ድፍረቱ አልነበረውም።

ዓመታት አለፉ። አንድ ጎረቤት ሸማኔ ተናዶ ክፍሏ ድረስ መጣ። «ሚስቴ ጨርቄን ፈጀችው! ጠርዙን አየኸው? ከሽመናው ላስነሣት ነው።»

«ድሩን የጠቀለለው ማን ነው?» አለው ቶሎ ቶሎ።

«እኔ ነኛ!»

«እንግዲያው ቁጭ በል።» በርጩማውን አቀረበለትና በአባቱ ላይ ያደረገውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ አንዱንም ሳያሳምር ነገረው። ሰውዬው መጀመሪያ ቀልድ መስሎት ፈገግ ብሎ ነበር፤ ኋላ አንገቱን ደፋ። ሲጨርስለት ተነሥቶ ደህና ዋል ሳይል ወጣ።

ሰውዬው ቤቱ ሄዶ ያደረገውን ቶሎ ቶሎ አልጠየቀም። የዚያን ቀን ግን ሥራ እምቢ አለው፤ ቀኑ እስኪመሽ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ።