ወደ ልደታ የሚያየው ርካሽ ክፍል

ዓርብ፣ ሊነጋጋ ሲል፤ ሐዋሳ

መናኸሪያው ገና በወጉ አልነቃም። ረዳቶቹ ብቻ «አዲሳባ! አንድ ሰው!» እያሉ ይጮኻሉ፤ ያ «አንድ ሰው» ግን ገብቶ አያልቅም። ባለቤቴ ሰናይትና እኔ ከሾፌሩ ጎን ተጣበን ተቀምጠናል።

ሰናይት ሐዋሳ ተወልዳ ሐዋሳ ያደገች ናት። «ያደግህበትን ሰፈር አንድ ቀን እንኳ አላሳየኸኝም» እያለች ስትወቅሰኝ ኖራለች። ስለዚህ ለሁለት ሌሊት ልደታ አካባቢ፣ መሃል ከተማ፣ ኪሳችን የሚችለው ንጹሕ ሆቴል እንይዛለን። ዕቅዱ አንድ እንከን ብቻ አለበት፤ ያሳደጉኝ አክስቴ እትዬ በላይነሽ አዲስ አበባ ናቸው። የልደታው ቤት ሲፈርስ ኮንዶሚኒየም ደርሷቸው ከከተማው ጫፍ ኮዬ ፈጬ ገብተዋል። ባለፈው እሳቸው ጋ አርፈን ጊዜያችንን በታክሲ ሰልፍ ጨርሰን ከተማውን ሳናይ ተመለስን።

ዘመድ ባለበት ከተማ ሆቴል ማደር ስድብ መሆኑን ለእናንተ አልነግራችሁም። እትዬ ከሰሙ ይቀየሙኛል፤ የእሳቸው ቅያሜ ደግሞ በቶሎ አይለቅም። ስለዚህ መምጣታችንን ደበቅኋቸው።

ሾፌሩ ሰናይት በስልኳ የሆቴል ፎቶ ስታገላብጥ አይቶ ዞር አለ።

«አዲሳባ ዘመድ የላችሁም?»

«አለን» አልኩት።

«ተጣልታችሁ ነው?»

ዝዋይን አልፈን፣ መቂ ላይ የመንገድ ዳር ሽንኩርትና ቲማቲም መታየት እስኪጀምር ድረስ እንቅልፍ የወሰደኝ መስዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ዓርብ ረፋዱ ላይ፤ ሜክሲኮ

ከቃሊቲ በሚኒባስ ሜክሲኮ ወረድን። የመጀመሪያው ሆቴል ፎቶው ላይ የሙሽራ ቤት ይመስል ነበር። እውነተኛው ክፍል ከጭፈራ ቤት በላይ ነው። «ማታ ማታ እዚህ ሞቅ ይላል!» አለን ዘበኛው በኩራት። ሁለተኛው ንጹሕና ጸጥ ያለ ሆኖ ሳለ ሰናይት የመታጠቢያውን ቧንቧ ብትከፍተው ሳል ብቻ ሆነ። እንግዲህ የምትሄዱ ሁሉ፣ ፎቶ አትመኑ፤ ከመክፈላችሁ በፊት ቧንቧ ክፈቱ፤ ምድር ቤቱ ውስጥ ምን እንዳለም ጠይቁ።

ሻንጣችንን እየጎተትን በተግባረ እድ በኩል ወደ ልደታ ወረድን። ሦስተኛው ሆቴል ደረጃው ጠባብ፣ ቀለሙ ያረጀ፣ አንሶላው ግን በረዶ የመሰለ ነው። ውሃም አለው። እንግዳ ተቀባይዋ ሁለት ቁልፍ አወጣች።

«ከኋላ ያለው ጸጥ ያለ ነው፤ ይወደዳል። የፊቱ ይረክሳል።»

«ምን ሆኖ ነው የረከሰው?» አለች ሰናይት።

«ወደ ማርያም ነው የሚያየው። ገና ሳይነጋ ድምፅ ማጉያው ይጀምራል፤ እንግዶች ይማረሩብናል።»

ሳቄ አመለጠኝ። ልጅ ሆኜ ከእንቅልፌ ይቀሰቅሰኝ የነበረው ያ ድምፅ ነው፤ ያውም በነፃ። ርካሹን ያዝን።

ከምሳ በኋላ ሰፈሬን ላሳያት ወጣን። «እዚህ ጋ የእትዬ በር ነበር። እዚያ ቦኖው፤ እንስራ ይዘን የምንሰለፍበት። እዚህ ጋ ኳስ ስንጫወት መስኮት ሰብረን…» እያልኩ እጠቁማለሁ። ሰናይት እሺ እያለች ራሷን ትነቀንቃለች፤ የሚታያት ግን መስታወት የለበሰ ፎቅና የመኪና ማቆሚያ ነው። እኔም ብሆን የበራችንን ትክክለኛ ቦታ ፈልጌ አጣሁት።

«አንተ! የበላይነሽ ልጅ!»

ጋሽ ሸምሱ ናቸው፤ ያኔ ከግቢያችን ፊት ለፊት ሱቅ የነበራቸው። አሁን ከፎቁ ሥር ጠባብ ሱቅ ተከራይተዋል። አገላብጠው ሳሙኝ፣ የት እንዳረፍን ጠየቁኝ፣ እኔም በደስታዬ ነገርኳቸው። ለእትዬ እንዳይነግሩብኝ ልለምናቸው አፌን ስከፍት ስልካቸው ጆሯቸው ላይ ነው።

«በላይነሽ! የምሥራች! ልጅሽ መጥቷል። የት? ኧረ እዚሁ፣ ሆቴል ይዞ!»

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ሞኙ እኔ፣ ከአክስቴ ለመደበቅ የመረጥኩት ሰፈር አክስቴ ዕድሜያቸውን የፈጁበትን ነው።

ዓርብ፣ ወደ ማታ፤ ሆቴሉ

እትዬ በላይነሽ ባዶ እጃቸውን መጡ። ዘመድ ጋ ባዶ እጃቸውን ሄደው አያውቁም፤ የቁጣቸውን ልክ ያወቅሁት በዚያ ነው።

«ሞቻለሁ?» አሉኝ፣ ሰላምታ ሳይቀድም።

«ኧረ እትዬ…»

«ቤቴ ጠበበህ? ሰው ሲጠይቀኝ ምን ልበል? ያሳደግሁት ልጅ ከፍሎ አደረ ልበል?»

ሰናይት እጃቸውን ያዘች። «ጥፋቱ የኔ ነው፣ እትዬ። መጀመሪያ ክፍሉን ይዩልን፣ ከዚያ ይቆጡን።»

ደረጃውን እያማረሩ ወጡ። ፍራሹን በጡጫቸው ደቆሱት። መጋረጃውን አራግፈው አቧራ ፈለጉ። ከዚያ መስኮቱን ከፈቱና እጃቸው እዚያው ቀረ። ከዛፎቹ በላይ የልደታ ጉልላት ይታያል። አማተቡ፤ ነጠላቸውን አስተካክለው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«ነገ መባቻ ነው» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ልደታ ናት። ኮዬ ከገባሁ ወዲህ ለኪዳን ደርሼ አላውቅም። ታክሲ አግኝቼ እስክመጣ ቅዳሴው ይጋመሳል።»

ሰናይት የኔን ሻንጣ አንስታ በር ላይ አቆመችው። የፊቱን እትዬና እሷ ያዙ፤ ጸጥ ያለው፣ ውዱ የኋላ ክፍል ለኔ ደረሰ። እንግዳ ተቀባይዋ ስለ ድምፁ እትዬን አስቀድማ ይቅርታ ስትጠይቅ፣ ስለዚሁ ዋጋው እንደሚቀንስም ስታስረዳ፣ እትዬ ዓይናቸው ፈጠጠ።

«ኪዳን የሚሰማበትን ነው በቅናሽ የምትሰጡት? ጉድ እኮ ነው!»

ቅዳሜ ጠዋት፤ ልደታ ማርያም

እኔ የኋላው ክፍል ውስጥ ምንም ሳልሰማ ረፍዶብኝ ተነሣሁ። ያን ድምፅ ላለመስማት ጨምሬ መክፈሌ ቆጨኝ።

ቅጥር ግቢው ስደርስ ቅዳሴው ወጥቷል። ሁለቱ ዛፍ ሥር ተቀምጠዋል፤ ዙሪያቸውን የድሮ ጎረቤቶቻችን ከበዋቸዋል። ከጀሞ፣ ከገላን፣ ከቱሉ ዲምቱ በየታክሲው የመጡ፣ ስማቸውን የረሳሁት፣ ፊታቸውን ያልረሳሁት እናቶች። እያንዳንዳቸው ስለ ታክሲ እጥረት ያማርራሉ። እትዬ ነጠላቸውን እያጣፉ «እኔማ እዚሁ ነው ያደርኩት» ይላሉ። የት ብሎ የጠየቃቸውን ግን አልሰሙም።

ስንወጣ ሰናይትን እጇን ይዘው ከመኪና ማቆሚያው መግቢያ አጠገብ አቆሟት። «በራችን እዚህ ነበር» አሏት፣ መሬቱን በጫማቸው ጫፍ እየነኩ። እኔ ያጣሁትን ቦታ እሳቸው አልፈለጉትም፤ እግራቸው ያውቀዋል። እንባዬ መጣ፤ አልደበቅሁትም።

ታክሲ ውስጥ ሊገቡ ሲሉ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «ሆቴል አደረች ብለህ ለሸምሱ ብትነግረው አልምርህም።»

እሑድ ማታ፤ ሐዋሳ

ቤት እንደገባን፣ ሻንጣው ሳይፈታ፣ ሰናይት «ለግንቦት ልደታ ያንን ክፍል እናስይዝላቸው፤ ሳያስቡት እናስደስታቸው» አለች። ደወልኩ።

«የፊቱ ክፍል ለግንቦት ልደታ ተይዟል» አለችኝ እንግዳ ተቀባይዋ።

«ያ ሰው የሚሸሸው ክፍል? ማን ያዘው?»

«አንዲት እናት። ቅዳሜ ሲወጡ ቀብድ ከፍለው ነው የሄዱት። ተጨማሪ ፍራሽም አዘዋል፤ ‹ከሐዋሳ እንግዶች አሉብኝ› ብለው።»