ተራ ቁጥር ሰባት

ባሌ የሚኖረው በአፍንጫው ነው። ሌላው ሰው ቤት ሲገባ ሰላም ይላል፣ እሱ ያሸታል። ሠላሳ አራት ዓመት የጤና ቁጥጥር ሠራተኛ ነበር፤ ምግብ ቤቱን፣ ዳቦ ቤቱን፣ አልጋ ቤቱን እየዞረ ጓዳ ጓዳውን የሚፈትሽ፣ ቆሻሻ ሲያገኝ በሩ ላይ ወረቀት ለጥፎ የሚያሽግ። ባለ ምግብ ቤቶቹ «አሽገው» ብለው ስም አወጡለት። ዛሬ የገዛ እህቱ እንኳን የምትጠራው በዚሁ ነው። እኔም ስናደድ አሽገው እለዋለሁ፤ ስለዚህ ብዙውን ጊዜ አሽገው ነው የምለው።

ነጭ መሐረብ ከኪሱ ተለይቶት አያውቅም። ማንም የማይወለውለውን ቦታ፣ የበሩን መቃን አናት፣ በመሐረቡ ይጠርግና ገልብጦ ያየዋል። በሠርጋችን ቀን ከአጠገቤ ተነስቶ ጠፋ፤ እናቴ ጓዳ ስትገባ የድስት ክዳን እየከፈተ ሲያሸት አገኘችው። እስክትሞት አልረሳችለትም። ግን አንድ ነገር አልክድም። ጉቦ አልበላም፣ ሳህን አጣቢ ላይም ጮኾ አያውቅም። የትም ሲገባ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ኃላፊው ማነው?» ብሎ ነው። ኃላፊው ካልመጣ ብዕሩን አያወጣም። «የአሳ ግማቱ ከወደ አናቱ» ይላል። ይህችን ተረት ከአፉ የሰማሁትን ያህል ስሜን ሲጠራ አልሰማሁም።

ጡረታ ሲወጣ ከአባቱ የወረሰውን ቦታ ሸጥንና በአገር አቋራጩ መንገድ ላይ የእንግዳ ማረፊያ የሚሠራ ኩባንያ አክሲዮን ገዛን። በየከተማው መግቢያ አረንጓዴ ጣራ ያለው ማረፊያ፣ ከጎኑ ነዳጅ ማደያ። መጀመሪያ ላይ የትርፍ ድርሻው ሲገባ አሽገው ደስ አላለውም። «ያልደከምኩበት ነው» እያለ ፊቱን ያጨማድድ ነበር። ብዙም አልቆየ። በሁለተኛው ዓመት ቁጭ ብሎ መብላት ለመደ፤ በሦስተኛው ዓመት «ገንዘባችን ይሠራልናል፣ እኛ እንዝናና» ማለት ጀመረ። እኔም አልተቀየምኩም። ዕድሜዬን ሙሉ በትምህርት ቤት ጽሕፈት ቤት ስተይብ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ጣቶቼም ዕረፍት አምሯቸው ነበር።

አምና የባለአክሲዮኖች ጠቅላላ ጉባኤ ሲደርስ አሽገው ዓይኑን ታክሞ በፋሻ ተጠቅልሏል። «ይኸው አንተም ታሸግክ» ብዬ ሳቅኩበትና በውክልና እኔ ሄድኩ። አዳራሹ ይበርዳል። ሊቀመንበሩ ያነባል፣ ማንም አይሰማም። ከጎኔ የተቀመጠችው ሴትዮ ስለ ልጇ ሠርግ ታወራልኛለች። ስድስተኛው አጀንዳ ላይ ከኋላ በኩል የምሳው ሽታ መጣና ሆዴ ጮኸ። ሰባተኛው ሲነበብ «ወጪ ቆጣቢ» የሚል ነገር፣ ቀጥሎም «የትርፍ ድርሻን ከፍ የሚያደርግ» የሚል ነገር ጆሮዬ ገባ፤ የቀረውን ሴትዮዋ በሙሽራው እናት ሐሜት ሸፈነችብኝ። ሰው ሁሉ እጁን አነሳ፣ አነሳሁ። ተጨበጨበ፣ አጨበጨብኩ። ከዚያ ምሳ ሆነ።

ትርፉም እውነት ከፍ አለ። የተጠራቀመውን ሰብሰብ አድርገን ያገለገለች መኪና ገዛን። አሽገው ጠረጴዛው ላይ ካርታ ዘረጋ። ዐሥራ አራት ቀን፣ መንገዱ እስከሚያልቅበት ድረስ፣ የምናድረው በኩባንያችን ማረፊያዎች ብቻ። ለባለአክሲዮን ቅናሽ አለው። «በራሳችን አልጋ እየተኛን አገር እናያለን» አለኝ፤ ልቡ አብጦ ነበር።

የመጀመሪያው ማረፊያ አንሶላ ላይ የሌላ ሰው ፀጉር ነበረበት። ረጅም፣ ቀይ ቀለም የተቀባ። አሽገው በሁለት ጣቱ አንስቶ በመስኮት ጣለው። ሁለተኛው ማረፊያ ቁርስ ስንበላ የሻይ ብርጭቆዬ ጠርዝ ላይ የከንፈር ቀለም አገኘሁ። አሳየሁት። «መንገድ ላይ እንዲህ ያጋጥማል» አለ። ጠርዙን በመሐረቡ ጠረገልኝና መሐረቡን ሳያየው አጥፎ ከተተው። እኔ ግን አየሁት። የሰው ቤት ሲሆን ከመንገድ ማዶ የሚያሸተው አፍንጫ የራሱ ቤት ሲሆን ጉንፋን ያዘው። ይኼም ቀፈፈኝ።

ሦስተኛው ማረፊያ የደረስነው እኩለ ቀን ላይ ነው። ጠዋት የበላሁት እንቁላል ሆዴን እያገላበጠው ስለነበር ከመኪናው ወርጄ ቀጥ ብዬ ወደ ሽንት ቤቱ ሮጥኩ። ልንገራችሁ ወይስ ልተወው? ልንገራችሁ እንጂ፤ ለምን ብቻዬን እቀፈፋለሁ። በሩን ስከፍት ከሽታው በፊት የመጣው ዝንቡ ነው። ወለሉ ርጥብ ነው፣ ግን የውሃ ርጥበት አይደለም። መቀመጫው ላይ የጫማ ዳና አለ። ጉድጓዱ እስከ አፉ ሞልቷል። ባልዲው ውስጥ የቀረችው ጭላጭ ላይ ቅባት ነገር ተንሳፍፏል፣ መሐሏ ላይ የሲጋራ ቁራጭ። የእጅ መታጠቢያው ቀዳዳ በፀጉር ተወትፏል፤ በዚያ ላይ አንዱ ባለጌ ጥርሱን ታጥቦ ተፍቶበት ደርቋል። እግሬን የት ላሳርፈው? ሆድ ደግሞ ቀጠሮ አይሰጥም። እንደምንም ጨርሼ ወጣሁ፤ ወጥቼም ግድግዳውን ተደግፌ አስመለሰኝ። ከሁሉ የቀፈፈኝ የራሴን ጨምሬበት መውጣቴ ነው። የዚያን ቤት ጽዳት ሠራተኛ፣ ሳላያት፣ ስሟን ሳላውቅ፣ ጠላኋት።

አሽገው የኔን ፊት አይቶ ራሱ ገባ። ሲወጣ በዐሥር ዓመት ወጣት ሆኖ ወጣ። እዚያ ውስጥ ገብቶ ደስ ብሎት የሚወጣ ሰው አግብቼ ልጅ ወልጃለሁ፤ ምን ልበል። እንግዳ መቀበያው ጋ ሄደና በድሮ ድምፁ «ኃላፊው ማነው?» አለ።

ሥራ አስኪያጁ መጣ። ክራባት ያሰረ፣ ሽቶ የተነከረ ጎረምሳ ነው። ባለአክሲዮን መሆናችንን ሲሰማ ከምላሱ ማር ይንጠባጠብ ጀመር።

«ለዚህ ጥፋት ኃላፊዋ እሷ ናት ጋሼ» አለና በኮሪደሩ መወልወያ ይዛ የምትመጣ ሴት ጠራ። «ጽዳት የእሷ ነው።»

ሃምሳ ዓመት ቢሆናት ነው። የላስቲክ ጓንት አጥልቃለች፤ የአንደኛው ጣት ተቀዶ ከውስጡ ፌስታል ይታያል። መወልወያዋን ተደግፋ ቆመች።

«እኔም ተቸግሬባታለሁ» አለ ጎረምሳው፣ እሷ እዚያው ቆማ እየሰማች። «ዛሬውኑ አሰናብታታለሁ። ችግሩ ዐሥራ አንድ ዓመት ሠርታለች፤ እንዲሁ ካሰናበትኳት የስንብት ክፍያ ትጠይቀኛለች። የእንግዳ የጽሑፍ አቤቱታ ካለኝ ግን አምስት ሳንቲም አትወስድም። እርስዎ ደግሞ እንግዳ ብቻ አይደሉም፣ ባለቤት ነዎት። እዚህ ላይ ጽፈው ይፈርሙልኝ።» ከመሳቢያው ቅጽ አወጣ።

አሽገው ወንበር ስቦ ተቀመጠ። መነጽሩን አደረገና ይጽፍ ጀመር። እኔም በሆዴ «እሰይ፣ የሥራዋን ነው» አልኩ። አፌ መረረኝ፤ የምጉመጠመጥበት ውሃ ጠየቅኩ። ጎረምሳው የታሸገ ውሃ አልቋል አለ።

«ይምጡ እትዬ፣ እኔ ጋ ትንሽ አለ» አለች ሴትዮዋ።

መጥረጊያና ሳሙና የሚቀመጥባት ጠባብ ክፍል አስገባችኝ። ከመደርደሪያው ሥር ትንሽ ጄሪካን አወጣች። «ከቤቴ ያመጣሁት ነው፣ ንጹሕ ነው አይጸየፉት» አለችኝና በእፍኜ አፈሰሰችልኝ፤ ተጉመጠመጥኩ። ክፍሏ ንጹሕ ናት። የአሽገው ልማድ ተጋብቶብኝ የመደርደሪያውን አናት ነካሁት፤ አቧራ የለውም።

«ይህን ማጽዳት የቻልሽ ያንን ምን ነክቶሽ ነው?» አልኳት።

«ይኼን በጨርቅ ነው። ያ ውሃ ይፈልጋል።» ጄሪካኑን ከደነችው። «የውሃው ቦቴ በየቀኑ ነበር የሚመጣው። አሁን በሳምንት አንዴ ነው፤ ትናንት መምጣት ነበረበት፣ አልመጣም። ሰውም አራት ነበርን፣ ሦስቱን ቀነሷቸው። ሃያ ሁለት ክፍል ብቻዬን ነኝ።»

«ታዲያ ለዚህ ለጎረምሳው አትነግሪውም?»

«እሱ ምን ያደርጋል? ከላይ የመጣ ነው።» በአገጯ የበሩን ጀርባ አመለከተችኝ።

ወረቀት ተለጥፏል። አነበብኩት። ዕድሜ ልኬን እንዲህ ዓይነት ደብዳቤ የተየብኩ ሰው ነኝ፣ አንድ ጊዜ ማየት በቂዬ ነው። «የባለአክሲዮኖች ጠቅላላ ጉባኤ በተራ ቁጥር ሰባት በሙሉ ድምፅ ባሳለፈው ወጪ ቆጣቢ ውሳኔ መሠረት፣ በሁሉም ማረፊያዎች የውሃ አቅርቦትና የጽዳት ሠራተኛ ቁጥር እንዲቀነስ» ይላል። በሙሉ ድምፅ። ሙሉ ከሆነ እኔም አለሁበት። ያ ሁሉ ዝንብ፣ ያ የሞላ ጉድጓድ፣ እኔ ለምሳ ስቸኩል ያነሳሁት እጅ ነው።

«ልጆች አሉሽ?» አልኳት፤ ሌላ የምለው ስላጣሁ።

«ሁለት። ትልቋ ዘንድሮ ትምህርቷን ትጨርሳለች።» ቀጥላም «ጋሼ የሚጽፉት ስለኔ ነው አይደል?» አለችኝ።

እውነቱን ልናገር፤ ዝም ልል ነበር። አሽገው ይፈርማል፣ መኪናችን ውስጥ እንገባለን፣ ማን ያውቃል? ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ እጁ ንጹሕ ለሆነ ሰው ሚስትህ በስምህ ይኼን ሠራች ብሎ መንገር ቀላል አይደለም። ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ማውረድ ይቸግራል ይባል የለ። ከክፍሉ ስወጣ ግን እሷም ያችኑ ከቤቷ ያመጣቻትን ጄሪካን አንስታ ተከተለችኝ። ወዴት እንደሆነ ጠየቅኳት። «ግድግዳው ጋ እርስዎ ያስመለሱበትን ላጥበው፤ ዝንብ ይሰበሰብበታል» አለችኝ። እንደዚያን ጊዜ ራሴን ተጸይፌው አላውቅም።

አሽገው ገጹን ሞልቶ ለመፈረም ብዕሩን አንስቷል።

«ቆይ» አልኩት። «ኃላፊውን አግኝተሃል?»

«እሷ ናት ተባልኩ እኮ።»

«አንተ ከመቼ ወዲህ ነው ሳህን አጣቢ የምትቀጣው? አይጥ በበላ ዳዋ ሲመታ እያየህ ትፈርማለህ?»

ቀና አለ። እንዲያ ከመነጽሩ በላይ ሲያየኝ ብዙ ባለ ሆቴል ለምን ይፈራው እንደነበር ገባኝ።

«አራት የነበሩትን አንድ፣ የየቀኑን ውሃ የሳምንት ያደረገው ጉባኤው ነው» አልኩት። «ተራ ቁጥር ሰባት። ወረቀቱ እዚያ በር ላይ አለ፣ ሂድና አንብበው። እኔም እጄን አንስቻለሁ። በአንተ ስም።»

ጎረምሳው ጣልቃ ገባ። «እናታችን፣ ይኼ እኮ የአስተዳደር ጉዳይ ነው፤ ከዚህኛው ጋር ባናገናኘው።»

«አንተ አፍንጫህን ላስ» አልኩት። ዕድሜ ልኬን ለሰው እንዲህ ብዬ አላውቅም፤ ትንሽ ቀለል አለኝ።

«ሳታነቢ?» አለኝ አሽገው።

«ሳላነብ።»

«ሳትሰሚስ?»

«ግማሹን ሰምቻለሁ። የትርፉን።»

ተነስቶ ወደዚያች ክፍል ሄደ። ወረቀቱን አንብቦ ሲመለስ ያ የዐሥር ዓመት ወጣትነት ከላዩ ላይ ወርዷል። የጻፈውን ገጽ ቀደደውና ሌላ ቅጽ ጠየቀ። የሽንት ቤቱን ሁኔታ አንድ በአንድ፣ ዝንቡንም የሲጋራ ቁራጩንም ሳያስቀር ጻፈ። «ለጥፋቱ ኃላፊ የሆነው ሰው ስም» የሚለው ቦታ ላይ የራሱን ስም ከነአባቱ ከነአያቱ አሰፈረ። «የሥራ ድርሻ» በሚለው ላይ «ባለቤት» ብሎ ጻፈ። ፈረመና ሰጠው።

ጎረምሳው ሁለት ጊዜ አነበበው። «ጋሼ፣ ይኼ ለኔ ምን ይጠቅመኛል?»

«ምንም» አለው አሽገው። «ለእሷም ውሃ አይሆናትም። ግን ካሰናበትካት የስንብቱን ትከፍላለህ። አልከፍልም ካልክ እኔ መጥቼ እመሰክርላታለሁ። የገዛ ባለአክሲዮኑ ሲመሰክርበት ኩባንያው ምን እንደሚል እናያለን።»

ለሴትዮዋ ስልክ ቁጥሩን ጽፎ ሰጣት። አጥፋ ጓንቷ ውስጥ ከተተችው። አመሰግናለሁ አላለችም፤ ለምን ትላለች? ባልዲዋን ይዛ ወደ ሥራዋ ሄደች።

አሽገው መኪናዋን ወደ መጣንበት አዞራት። የቀረው ዐሥራ አንድ ቀን ቀረ። ይጮህብኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። አንድ ሰዓት ያህል ከነዳ በኋላ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ፣

«ምሳው ምን ነበር?» አለኝ።

«የቱ ምሳ?»

«የጉባኤው።»

«ዶሮ። ዶሮና ሩዝ።»

«ጥሩ ነበር?»

መዋሸት እችል ነበር። «ጥሩ ነበር» አልኩት። «ደግሜ አንስቻለሁ።»

ትንሽ ሄድ ብለን መሐረቡን ከኪሱ አወጣና ሳያየኝ ሰጠኝ። እያለቀስኩ መስሎት ይሁን አይሁን አላውቅም። በጉባኤው ያነሳሁትን ቀኝ እጄን ጠረግኩበትና፣ እሱ እንደሚያደርገው፣ ገልብጬ አየሁት።