አንድ ጨርቅ፣ ሁለት ጠረጴዛ

አትሊ ትሮየርን አልወደውም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ወደ ሐኪም፣ ወደ ገበያ፣ ወደ ለቅሶ በመኪናዬ አመላልሼዋለሁ፤ ዛሬም አልወደውም። የአገራችን የአሜሪካ አሚሾች እምነታቸው ስለሚከለክል መኪና አይነዱም፤ እኛ የእምነት ዘመዶቻቸው ሜኖናይቶች ግን እንነዳለን፣ እነሱም ከፍለው ይሳፈራሉ። አትሊ ከኋላ ተቀምጦ «ኤድና፣ ፈጠንሽ» ይላል፣ ወዲያው ደግሞ «ኤድና፣ ዘገየሽ»። ውሃ ቀጠነ ብሎ የሚጣላ ሰው ነው። ሥራው ልጓምና የፈረስ ጠፍር መስፋት ነው፤ ስፌቱ እንከን እንደሌለው ግን አልክድም።

ታላቅ ወንድሙ ሜልቪን ተጠምቆ ቃል ከገባ በኋላ ቤተ ክርስቲያኑን ጥሎ ወጣ፤ ተወገዘም። የተወገዘ ሰው ቤት ይገባል፣ ያወራል፤ ከምእመናን ጋር በአንድ ጠረጴዛ ግን አይበላም። አንጀት ያለው ቤተሰብ ሁለት ጠረጴዛ አስጠግቶ፣ ጣት የምታህል ክፍተት ትቶ፣ ከላይ አንድ ጨርቅ ያለብሳል። እናታቸው ሎቪና ሜልቪን በመጣ ቁጥር እንዲህ ታደርግ ነበር።

በጥቅምት ቅጠሉ ሲቀላ መንገዳችን ውስጣቸው አልጋ፣ ምድጃና ጠረጴዛ ባላቸው የጎብኚዎች ግዙፍ መኪናዎች ይሞላል። ከጋሪ ኋላ ሆነው ጥሩንባ ይነፋሉ፣ የተሰጣ ልብሳችንን ፎቶ ያነሳሉ። እነሱንም አልወዳቸውም። ባለፈው ጥቅምት አንዱ ታጥፎ አትሊ ግቢ ገባ። ነጂው ሜልቪን ነበር።

«ዐይኑን በጨው ታጥቦ መጣ» አለኝ አትሊ። «ቀንድ አውጣ። ቤቱን ተሸክሞ ይዞራል።»

ከዚያ በፊት በነበረው ወር ሎቪናን ሐኪም ዘንድ ወስጃት፣ ልቧ እንደደከመ ተነግሯት ነበር። ስንመለስ «ኤድና፣ ከሜልቪኔ ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ሳልበላ መሞት አልፈልግም» አለችኝ። ሰማንያ ሦስት ዓመቷ ነው።

ቅዳሜ ቀን ሎቪና እኔንም ጠርታኝ፣ በተጠጋጉት ጠረጴዛዎች ላይ ዶሮና ፓስታ ቀረበ። አትሊ ገባ፤ ጨርቁን ገልጦ በጠረጴዛዎቹ መካከል ጡጫውን ሞከረ። አልገባም፤ ክፍተቱ አነሰው። የወንድሙን ጠረጴዛ አንድ እርምጃ ጎተተው፤ ጨርቁ ተንሸራቶ መሬት ወደቀ።

«ምነው፣ በሽታ አለብኝ እንዴ?» አለ ሜልቪን።

«ተንበርክከህ ቃል የገባኸው አንተ ነህ። እኔ አስገደድኩህ?»

«ስሄድማ ደስ አለህ። እርሻውን ጠቅልለህ ያዝክ።»

«አንተ ስትንሸራሸር ላሞቹን ማን አለባቸው?»

ሜልቪን ሳህኑን አነሳ። «መኪናዬ ውስጥ እበላለሁ» ብሎ ወጣ። ሎቪናም የራሷን ሳህን ይዛ ተነሳች።

«እማዬ፣ እዛ ያለው ጠረጴዛ አንድ ብቻ ነው» አላት አትሊ።

«አውቃለሁ።»

«ከተቀመጥሽ ለቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች እነግራለሁ። ሌላ ምርጫ የለኝም።»

«ንገር ልጄ። እኔ ግን ርቦኛል።»

በመስኮት አየኋቸው፤ ትንሿ ጠረጴዛ ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠው ይበላሉ። አትሊ ምግቡን ሳይጨርስ ፈረሱን ጠምዶ ሄደ። ያን ጊዜ እጄ ላይ የነበረውን ሹካ ብወረውርበት ደስ ባለኝ።

ሽማግሌዎቹ መጥተው ንስሐ ግቢ አሏት። «ደግሞ ቢመጣ ደግሜ አደርገዋለሁ፤ ታዲያ ምን ብዬ ንስሐ ልግባ?» አለቻቸው። ተወገዘች። ሜልቪን ልውሰድሽ ቢላት «ቤቴ እዚህ ነው» ብላ እምቢ አለች። እሱ በመኪናው ሄደ፤ እሷ አትሊ ቤት ቀረች።

የበረዶው ወራት አለፈ። ዛሬም ዳቦውን የምትጋግረው ሎቪና ናት። የምትበላው ግን በመስኮቱ በኩል በተቀመጠላት ጠረጴዛ ላይ ብቻዋን ነው። ከተወገዘ ሰው እጅ ደግሞ ምንም አይቀበሉም። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ቁራሹን ትልቁ ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ አድርጋ እጇን ትሰበስባለች። አትሊ እጇ እስኪነሳ ጠብቆ ይወስዳል። የአትሊ ልጆች ያያሉ።

ባለፈው ማክሰኞ ላሳፍረው ስመጣ ቁርስ ላይ ነበሩ። ሎቪና ዳቦውን አላስቀመጠችም። ይዛው ቆመች።

«ዛሬ ከእጄ ውሰድ» አለችው።

አትሊ እጁን ዘረጋ። ከዚያ እጁን መልሶ ባርኔጣውን አነሳና ጦሙን ወጣ።

ሎቪና ቁራሹን ወደ እኔ አዞረችው። እኔ የእነሱ ምእመን አይደለሁም፤ ከእጇ ተቀብዬ እዚያው ቆሜ በላሁ። አልጣፈጠኝም። ዳቦው የሱ ነበር።