ቅርፊቱን የሚጠብቀው ሰው

ቁስል በሚታጠብበት ክፍል ተራዋን የምትጠብቀው አሮጊት ሻርፗን አፍንጫዋ ላይ ብትጠቀልልም ሽታው አለቀቃትም። ከፊቷ የተቀመጠው ሽማግሌ ሸሚዙ በወጉ የተተኮሰ፣ የቀኝ እግሩ ጫማ ፊት እስኪያሳይ የተወለወለ ነው። ግራው ግን ባዶውን፣ እንደ እንስራ አብጦ ሳፋ ላይ ተዘርግቷል። ቁስሉን እንደ ረጋ ወተት የሚያዳልጥ ቢጫ ቅርፊት ሸፍኖታል። እሱ ደግሞ ጠርዙ በተነሳ ቁጥር በጣቱ ጫን ጫን እያደረገ መልሶ ይለጥፈዋል። አሮጊቷ ፊቷን አዞረች።

"አባባ፣ እጅዎን!" አለች ነርሷ። "ይሄ ካልተነሳ እግርዎን ያጣሉ ብዬዎታለሁ።"

"ተዪው ልጄ፣ ክዳኑ ነው። የገዛ ደሜ ነው የከደነው።"

"ልክ ነዎት፤ ደም የሚያረጋው ፕሮቲን ነው። ግን ሥራውን ሲጨርስ መሄድ ነበረበት። በእንግድነት ገብቶ ቤቱን ወረሰ። አሁን ቁስሉን የሚያስቆጣው፣ የሚያሳብጠውም እሱ ነው።"

ነርሷ ቅርፊቱን የምትነቅልበትን መቆንጠጫ ስታነሳ ሽማግሌው እጇን ጨምድዶ ያዘ።

"የልጆቼ እናት በወሊድ ደሟ አልረጋ ብሎ ነው የሞተችብኝ" አለ። "የረጋ ደም እንዴት ይጣላል?"

አሮጊቷ ሻርፗን አወረደች። ሽታው ያው ነው፤ አቅለሸለሻት። ቢሆንም ወንበሯን አስጠጋችና ጣቶቹን አንድ በአንድ ከነርሷ እጅ አላቀቀች።

"የእኔን ጨምቅ፣ ወንድሜ" አለችው። "አንቺም ልጄ፣ ሳላስመልስ ቶሎ ጨርሺ።"